በጓሮ የቆመ ጎተራ

እኔ ባደግሁበት በቸሃ፣ በጉራጌ ምድር፣ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ጀርባ ዞሮ የእንሰቱን ጓሮ ያያል። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት ስለ አማቾቹ ሀብት ሰው ከመጠየቁ በፊት ዓይኑን ወደዚያ ይልካል። ግንዱ የወፈረ፣ ቅጠሉ የለመለመ፣ ከችግኝ እስከ ደረሰው ድረስ በየዕድሜው በተርታ የቆመ እንሰት ካየ ልጁ እንደማትራብ እርግጠኛ ይሆናል። እናቴ በጓሮዋ መካከል ስታልፍ ግንዶቹን በእጇ እየነካች ታከፋፍላቸው ነበር፦ «ይኼ ለመስቀል፣ እነዚህ ለከርሞ፣ ያ ማዶ ያለው ገና ነው፤ ይቆይ።» የዓመታት ቀለብ ፊቷ ቆሞ ይታያት ነበር።

ዛሬ ዓለምን የሚያስጨንቀው ይኸው የእናቴ ሂሳብ ነው። ያለው ምግብ ለስንት ሰው፣ ለስንት ዓመት ይበቃል? በተባበሩት መንግሥታት ስሌት የዓለም ሕዝብ ቁጥር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 8 ቢሊዮን ደርሷል። ድርጅቱ በ2024 ያወጣው ትንበያ ደግሞ ቁጥሩ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆን ያመለክታል። በ2023 ብቻ 700 ሚሊዮን ገደማ ሰው በረሃብ ውስጥ ነበር። ገና የሚወለዱት ሳይቆጠሩ፣ የተወለድነውም በቅጡ አልጠገብንም ማለት ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ብዙ ስንዴ፣ ብዙ በቆሎ፣ ብዙ ሩዝ፣ ብዙ ማዳበሪያ የሚል ነው። ይህን መልስ አላቃልለውም። የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግና ባልደረቦቹ ያዳቀሉት አጭር ስንዴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእስያ ብዙ ሰው ከረሃብ አትርፏል። መልሱ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ሰው ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚወስደው ንጹሕ ውኃ 70 በመቶ ያህሉን የሚጠጣው እርሻ ነው። የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚሠራው በአብዛኛው በተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ የጋዝ ዋጋ ሲንር ማዳበሪያው አብሮ ይንራል። የሰው ልጅ ከዕፅዋት ከሚያገኘው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ከሦስት እህሎች ብቻ ይመጣል፤ እነሱም ሩዝ፣ ስንዴና በቆሎ ናቸው። በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ወደ ጦርነት ሲገቡ ሁለቱ አገሮች በአንድነት ከዓለም የስንዴ ወጪ ንግድ ከሩብ በላዩን ያቀርቡ ስለነበር፣ ጥይት ያልተተኮሰባቸው አገሮች ሁሉ የዳቦ ዋጋ ናረባቸው።

ስለዚህ ሌላም ቦታ መመልከት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የኖረባቸው፣ አፈሩም ሳይራቆት ለዘመናት ሲያበላ የቆየባቸው አገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የእኛው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንሰት ምድር ነው። በልጅነቴ ያደግሁበት፣ ኋላም በግብርና ባለሙያነት የተመላለስሁበት ስለሆነ፣ ጥንካሬውንም ድካሙንም ለመናገር ድፍረቱ አለኝ።

ሥሩም፣ ግንዱም፣ ቅጠሉም

እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ከሩቅ ያየው እንግዳ ሙዝ ይመስለዋል። ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ከአፈር በታች ያለው ትልቁ ሥር፣ እንዲሁም እርስ በርሱ ተደራርቦ ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ እግር ነው። ዱር በቀሉ እንሰት በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ብዙ ቦታ ይገኛል፤ አላምዶ የዕለት ቀለቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ከጉራጌ እስከ ሲዳማ፣ ከሀዲያና ከከምባታ እስከ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ዳውሮ፣ ከፋና ጌዴኦ፣ በኦሮሚያም በምዕራብ ሸዋና በጉጂ ደጋዎች 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ምግቡ ወይም ከምግቡ አንዱ አድርጎታል። ለሰሜኑም ሰው ባዳ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ጓሮ ኮባ እየተባለ ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ለሚሆነው ቅጠሉ ሲባል ይተከላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በጣና አካባቢ ሰዎች ለምግብነት ይጠቀሙበት እንደነበር ጽፏል፤ ሥዕሉንም አሳትሟል።

ከአንድ እንሰት የሚወጣው ብዙ ነው። የተፋቀው ግንድና የተከተከተው ሥር ተደባልቆ፣ ተቀብሮና ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከሚወርደው ውኃ በታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ በእኛ ቤት አራስ የምትጠናበት ገንፎ እሱ ነበር። ያልተፋቀው ሥር እንደ ድንች ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። ከግንዱ የሚቀረው ክር ቃጫ ነው፤ ገመድ ይገመድበታል፣ ጆንያ ይሠራበታል። ቅጠሉ ቆጮ ይጋገርበታል፣ ቅቤ ይጠቀለልበታል፤ በበጋ ሣር ሲደርቅ ደግሞ ከብት ይቀለብበታል። ጓርየ እና አስታራ የሚባሉትን የእንሰት ዘሮች በእኛ አካባቢ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲበላቸው ያደርጋሉ። ሜዳ ላይ የሚጣል ነገር የለም።

አተካከሉም ትዕግሥት ይጠይቃል። ችግኝ የሚገኘው ከዘር ሳይሆን ከሥሩ ነው። ገና ያልደረሰ እንሰት ከላይ ይቆረጥና የሥሩ እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ ከፍግ ጋር አፈር ይለብሳል። ከወራት በኋላ ከአንዱ ሥር በርካታ ቡቃያዎች ተንጋግተው ይወጣሉ። በጉራጌ እነዚህ ከዓመት በኋላ ይነቀሉና እየተራራቁ ይተከላሉ፤ ሲያድጉ ደግሞ እንደገና ይዛወራሉ። ለምግብ እስኪደርሱ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዘሩ ዓይነት ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በብርዳማ ደጋ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ለዚህ ነው በአንድ ጓሮ ውስጥ የአምናውም የታች አምናውም ተክል አብሮ የሚታየው። አንዱ ተነቅሎ ሲበላ ከኋላው የሚተካው ተራውን ይጠብቃል።

የመከር ቀን የሌለው ሰብል

እህል የመከር ቀን አለው። ዝናብ በአንድ ወር ቢቀር፣ አንበጣ በአንድ ሳምንት ቢያልፍ፣ የዓመቱ ልፋት መና ይሆናል። እንሰት ግን ይህ የለበትም። ከጎለመሰ በኋላ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ሁሉ፣ ቤተሰቡ በቸገረው ወር ይነቀላል። ግንዱ ውኃ አምቆ ስለሚይዝ አጭር ድርቅ አይጥለውም። ቢደርስም ባይደርስም ይበላል፤ ያልደረሰው ያነሰ ይሰጣል እንጂ ባዶ አይሰድም። ቆጮው ደግሞ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተደፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ለወራት ይቀመጣል፤ በደንብ ከተያዘ ለዓመታትም ይቆያል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የዓለምን ብክነት ማየት ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ለተጠቃሚ ከደረሰው 19 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ከማሳ እስከ ገበያ የሚጠፋው ከዚህ ሌላ ነው። በእኛም አገር ነቀዝና አይጥ የሚበሉትን በቆሎ ገበሬው ያውቀዋል። እንሰት ቆሞ የሚጠብቅ ቀለብ ስለሆነ እስከሚፈለግበት ቀን ድረስ ማከማቻም፣ መጋዘንም፣ የነቀዝ መድኃኒትም አያስፈልገውም።

ስለ ምርቱም ቢሆን የተጠና ነገር አለ። የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ1997 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር መሬት የያዙ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ እንሰቶች 5 ወይም 6 ሰው ላለው ቤተሰብ የዓመት ምግብ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀምጠዋል። እርግጥ ተተኪዎቹም ቦታ ስለሚይዙ ቤተሰቡ የሚያስፈልገው ጠቅላላ መሬት ከዚህ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ከእንሰት ሌላ በዚያች ቁራሽ መሬት ያን ያህል ሰው የሚያበላ የደጋ ሰብል አላውቅም።

ጌዴኦ ዞን ሄዶ ይህን በዓይኑ ያላየ ሰው አይገባው ይሆናል። ከዲላ ወደ ቡሌ ሲወጣ ገደላ ገደሉ ሁሉ ደን ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ኮርቹ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ቆሟል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ጎመኑና ሌላው አትክልት አለ። በመካከል ጎጆዎች ተጠጋግተዋል። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ገጠሮች አንዱ ነው፤ መሬቱም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ያ አፈር በሌላ እርሻ ተገላብጦ ቢሆን ክረምቱ ጠርጎት ይሄድ ነበር። ሥሩ ስለያዘው፣ የወደቀው ቅጠልም ስለሸፈነው አለ። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በሴፕቴምበር 2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን ዕውቀት አይቶ ነው።

ላሟ ከሌለች እንሰቱ የለም

ይሁን እንጂ ጉዳዩን አሳምሮ ብቻ መጻፍ ለገበሬውም ለአንባቢውም አይጠቅምም። እንሰት ብቻውን አያኖርም። ቆጮ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ገንቢው ንጥረ ነገር ግን በጣም አነስተኛ ነው። በባህላችን ቆጮ ያለ አይብ፣ ያለ ጎመን፣ ያለ ባቄላ ወይም ያለ ሥጋ ለብቻው የማይቀርበው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሕፃን ቆጮ ብቻ ሲበላ ቢያድግ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይገነባም። ስለዚህ የእንሰት ጓሮ የሚሟላው ከብትና ጥራጥሬ ሲኖረው ነው።

ከብቱ የሚያስፈልገው ለወተት ብቻም አይደለም። በጉራጌ ቤቶቹ በጀፎረው፣ በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ዳርና ዳር ይሠራሉ፤ ላሞቹ ቀን በሣሩ ላይ ይግጣሉ፣ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ጎጆ ያድራሉ። ጠዋት እበቱ ተጠርጎ ከቤት ጀርባ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ለዘመናት። የጓሮው ጥቁር አፈር የተሠራው እንዲህ ነው፤ በሴቶችና በልጆች እጅ። እንሰቱ ቅጠሉን ለላሟ ይሰጣል፣ ላሟ ፍግዋን ለእንሰቱ ትሰጣለች። አንዷ ስትጎድል ሌላው ይደክማል።

ሕዝብ ሲበዛ መጀመሪያ የሚበጠሰው ይህ ሰንሰለት ነው። አባት መሬቱን ለወንዶች ልጆቹ ያካፍላል፤ የልጆቹ ድርሻ ግማሽ ሔክታር፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። የግጦሽ ቦታው ይታረሳል። ግጦሽ ሲጠፋ ከብቱ ይሸጣል፤ ከብቱ ሲሸጥ ፍግ ይጠፋል፤ እንሰቱም ይቀጭጫል። ቡሌ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገብቼ የእንሰታቸውን መመንመን ሳይ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ላሟን የሸጥኩ ዕለት እንሰቱንም አብሬ ሸጥኩት» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ ከየትኛውም ዘገባ አላገኘሁም።

በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ወሎና ትግራይ ሲያልቁ እንሰት ዋና ቀለባቸው የሆነ የጉራጌና የሲዳማ ደጋዎች ያን የመሰለ እልቂት አልደረሰባቸውም። ነገር ግን በዚሁ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም በወላይታና በከምባታ ምድሩ ለምልሞ እየታየ ሕፃናት በምግብ እጦት ተጎድተዋል፤ ብዙዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉት ነው። መሬቱ እጅግ ጠቦ፣ የእንሰቱ ክምችት ሳስቶ፣ ሰዉ በበልግ ዝናብ በሚበቅለው ስኳር ድንችና በቆሎ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በልጉ ቀረ። ከሁለቱ ዘመናት የምማረው እንሰት ጋሻ እንደሚሆን፣ ጋሻውም ካልተጠበቀ እንደሚሳሳ ነው።

የሴቶች ጀርባ

ሁለተኛው ድካም የሴቶች ድካም ነው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይተክላል፣ ያዛውራል። እንሰቱ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ግን ከጥንት ጀምሮ የሴት ነው። የትኛው ተነቅሎ የትኛው እንደሚቆይ የምትወስነውም ሴቷ ናት። እኔም መፋቂያ ይዤ አውቃለሁ። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ የቅጠሉን እግር አስደግፋ አንድ እግሯን ወደ ላይ ዘርግታ በተረከዟ ታጣብቀዋለች፤ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ሥሩን ጥርስ ባለው እንጨት ትከተክታለች። ትጨምቃለች፣ ትቀብራለች፣ ከቀናት በኋላ አውጥታ ታገላብጣለች፣ መልሳ ትቀብራለች። ለመጋገር ሲወጣ ደግሞ ክሩ እስኪጠፋ በቢላዋ ይከተፋል። ጎረቤት በደቦ ካልመጣ ለአንድ ሴት ከአቅም በላይ ነው። ወገቧን፣ ጉልበቷን ያላመማት የእናቴ ዘመን ሴት አላውቅም።

ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ይህን ሥራ አልፈልግም ብትል እንዴት ልፍረድባት? የእንሰት ዕድል የሚወሰነው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሳንቃ ላይም ነው። ደስ የሚለው፣ ሥራው እንዳለ መቅረት እንደሌለበት የተረዱ የአገራችን ተመራማሪዎች መኖራቸው ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተው አሳይተዋል፤ ቆጮውን ከጉድጓድ ይልቅ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በንጽሕና የማብላላት ዘዴም ሞክረዋል። መሣሪያው ተሠርቷል፤ የቀረው በየቀበሌው፣ ሴቶች በጋራ በሚከፍሉት ዋጋ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለትራክተርና ለኮምባይነር ብድር ሲመቻች፣ 20 ሚሊዮን ሰው ለሚበላው ምግብ መፋቂያ ማሽን ብድር የማይመቻችበት ምክንያት አይታየኝም።

ቢላዋው የሚያስተላልፈው በሽታ

ሦስተኛው ጠላት ትንሽ ባክቴሪያ ናት። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲገባ መጀመሪያ የመካከለኛው ቅጠል ይዝላል፤ ከዚያ ሁሉም ቢጫ ሆኖ ይጎብጣል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። የሰባት ዓመት ልፋት በጥቂት ሳምንታት ይበሰብሳል። በሽታውን ለሳይንሱ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከአንድ የውጭ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ነው። ያን ጊዜ የእኛ ብቻ ችግር ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ውስጥ ተገኘ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ኮንጎን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ኬንያንና ቡሩንዲን አዳረሰ። ሙዝ በእነዚያ አገሮች የሚሊዮኖች ቀለብ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ጓሮ ውስጥ የሚደረግ ምርምር ለካምፓላ ገበሬም እንደሚተርፍ ያኔ ታወቀ።

ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። የሚከላከለው የገበሬው እጅ ነው፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢላዋውን ከአንዱ ወደ ሌላው ተክል ከመሄድ በፊት በእሳት መለብለብ። ሌላው ተስፋ ያለው በዘሩ ብዛት ላይ ነው። እንደ ወላይታው ማዚያ ያሉ ዘሮች በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማሉ። በአንድ ጥሩ ጓሮ ውስጥ ብዙ ዓይነት እንሰት አለ፤ አንዱ ለአሚቾ ይጣፍጣል፣ አንዱ ቡላው ይበዛል፣ አንዱ ቃጫው ይጠነክራል፣ አንዱ ብርድ ይችላል። ይህን ለይታ በስም የምታውቅ ሴት እርሻዋን በአንድ ዘር ላይ አትጥልም። በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ በአንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞት የተጠናቀቀው የድንች በሽታ ያን ያህል የከፋው ድሃው ሁሉ በአንድ ሰብል፣ ያውም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

እንሰት ደግሞ የሚባዛው በሥሩ ስለሆነ ዓይነቱን እንደ ስንዴ ዘር ከረጢት ውስጥ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ተክሎ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ከማዕከሉ ውጭ ያሉት በየገበሬው ጓሮ ናቸው። አንዲት ባለሙያ እናት ስትሞትና ጓሮዋ በጫት ወይም በባሕር ዛፍ ሲተካ፣ ከእሷ ጋር የሚጠፋውን ዓይነት የሚመልሰው የለም። የጫትን ጥሬ ገንዘብ የሚመርጠውን ወጣት መውቀስ ቀላል ነው። ግን ለልጁ ደብተር የሚገዛበት ብር ከእንሰት ካላገኘ ምን ያድርግ? ቆጮ በአዲስ አበባ በክትፎ ቤቱ ሁሉ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ ከዚያ ዋጋ ላይ ፋቂዋና ተካዩ የሚደርሳቸው እንዲጨምር ማድረግ ከሺህ ምክር ይሻላል።

ለዓለም የሚተርፈው

የለንደኑ የኪው የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት፣ እንሰት ከአሁኑ አካባቢ አልፎ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ደጋዎች ሊለማ እንደሚችልና በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የመመገብ አቅም እንዳለው ገምተዋል። ይህ ተስፋ ነው፤ በዕቅድና በጥንቃቄ ከተያዘም የሚደረስበት ነው። ነገር ግን እንሰት በአፋር በረሃ አይበቅልም፤ ብርድና እርጥበት ያለው ደጋ ይፈልጋል። የሱዳን ቆላ ማሽላውን፣ ምዕራብ አፍሪካ ፎኒዮ የሚባለውን ደቃቅ እህሉን፣ የፓስፊክ ደሴቶች የዳቦ ፍሬ ዛፋቸውን፣ ወለጋ አንጮቴውን፣ ጎጃም ዳጉሳውን ይያዝ። የተባበሩት መንግሥታት 2023ን ዳጉሳን ለመሰሉ ጥቃቅን እህሎች መታሰቢያ ያደረገው ይህ ሐሳብ ገብቶት ነው። ዓለምን የሚያጠግበው አንድ ተአምረኛ ሰብል አይደለም። እያንዳንዱ ምድር አፈሩን፣ ከብቱንና ሰዉን አያይዞ ማኖር የሚችልበትን ሰብል ሲያከብር ነው።

ለእንሰቱ ምድር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ግን ዛሬ ያስፈልጋል። የግብርና ቢሮዎች የዓመት ዕቅዳቸውን በኩንታል እህል ብቻ ከመለካት ወጥተው በየጓሮው የቆመውን እንሰት በዕቅድ ይያዙት። የፍግ ችግር ላለበት ቤተሰብ ቢያንስ አንዲት የታሰረች ወተት ላምና መኖዋን የሚያገኝበት ብድር ይመቻችለት። መፋቂያ ማሽኑ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ሴቶች እጅ ይግባ። ወጣቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ማዳበሪያ ከማስተማሩ በፊት ቢላዋ በእሳት መለብለብን ያስተምር፤ እናቶች የሚያውቋቸውን የእንሰት ዓይነቶች ስምና ጠባይም ይጻፍ። አንተም አንቺም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቆጮ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ለገበያ ካቀረቡት የሴቶች ማኅበራት መግዛት ከቻላችሁም ከእነሱ ግዙ። እንሰት የሚጠበቀው ሲበላና ለሚለፋበት ሰው ሲከፍል ነው።